ጊዜው ያለፈበት የታንግስተን ስላይድ ፊልም ለጥምቀት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ ሶቭየት ኅብረት ሲማር የገዛውን ዘኒት-ኢ ካሜራ ሰጥቶኛል፤ ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ሦስት ጥቅል ኮዳክ ኤክታክሮም 64ቲ አመጣችልኝ። ሣጥኑ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ 2004 ነው። ጥር ላይ ለጥምቀት አዲስ አበባ ስለምሄድ በዚህ ማንሳት አምሮኛል። ያረጀ ፊልም በየአሥር ዓመቱ አንድ ስቶፕ ብርሃን ይጨመርለታል ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲያው 64ቱን 16 ላይ ልሥራበት? ደግሞስ ፊልሙ ሰማያዊ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው?»

16 ላይ አትሥሪበት። (64 የፊልሙ የፍጥነት ቁጥር፣ አይኤስኦ የሚባለው ነው፤ ቁጥሩን ዝቅ አድርገሽ ስትሠሪ ለፊልሙ ብዙ ብርሃን ትሰጪዋለሽ። አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው።) ከዚህ የምጀምረው ሦስቱንም ጥቅል ሊያበላሽብሽ የሚችለው ይሄ ምክር ስለሆነ ነው። ምክሩ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ የኔጋቲቭ ፊልም ምክር ነው። አንቺ የያዝሽው ስላይድ፣ ማለትም ታጥቦ ሲወጣ ራሱ ምስሉን በትክክለኛ ቀለሙ የሚያሳየው ፊልም ነው። ሁለቱ የሚያረጁት በተለያየ መንገድ ነው።

ኔጋቲቭ ሲያረጅ ጉም ይይዛል። ብርሃን ያላየው የፊልሙ ክፍል ራሱ ሲታጠብ ትንሽ ይጠቁራል ማለት ነው። በጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር በዚያ ጉም ይዋጣል። ስለዚህ ብርሃን ጨምረሽ ዝርዝሩን ከጉሙ በላይ ታወጪዋለሽ። ኔጋቲቭ ደግሞ ብርሃን ሲበዛበት ብዙ አይጎዳም፤ ሁለት ስቶፕ ቢጨመርበትም ይችለዋል።

ስላይድ የሚታጠበው በግልባጭ ነው። መጀመሪያ ብርሃን ያየው ክፍል ወደ ብር ይለወጣል፤ ያ ብር በኋላ ተጠርጎ ይወጣል። ቀለሙ የሚሠራው ከተረፈው፣ ብርሃን ካላየው ክፍል ነው። እንግዲህ ጉሙን አስቢው። በመጀመሪያው መድኃኒት ውስጥ ጉም ልክ እንደ ብርሃን ይቆጠራል። ስለዚህ ለቀለም ከሚተርፈው ላይ ይቀንሳል። ያረጀ ስላይድ ላይ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ የሚሳሳው፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሙ ሳትነኪው ብርሃን በዝቶበታል። አንቺ ደግሞ ሁለት ስቶፕ ከጨመርሽበት ጥቁሩ እንደሳሳ ይቀራል፣ ነጩ ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ ይሆናል። ጥምቀት ላይ ነጭ እንዴት እንደሚበዛ ታውቂዋለሽ። ነጠላው፣ የካህናቱ ጥምጥም፣ የመዘምራኑ ልብስ ሁሉ ይጠፋብሻል።

ግን ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙም በዕድሜ ትንሽ ይደክማል። ስለዚህ ጥቂት መጨመር ተገቢ ነው። የእኔ ምክር 50 ላይ ሥሪ ነው፤ ከ64 ሲሶ ስቶፕ ብቻ የወረደ። ፊልሙ ሙቀት ውስጥ የቆየ ከሆነ 40 ድረስ መውረድ ትችያለሽ። ከዚያ በታች አትውረጂ። ሁሌ በረዶ ቤት የነበረ ከሆነ ደግሞ 64ቱን እንዳለ ተይው። ስለዚህ ጓደኛሽን መጀመሪያ የምትጠይቂያት «የት ነበር የተቀመጠው?» ብለሽ ነው። በፍሪጅ 20 ዓመት የቆየ ፊልም፣ በሜሪላንድ የበጋ ሙቀት ጣሪያ ሥር አምስት ዓመት ከቆየ ፊልም ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው ዓመት ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የያዝሽው 64 መሆኑ ጥሩ ነው። ኮዳክ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ 160ቲ እና 320ቲ የሚባሉም ነበሩት። ፈጣን ፊልም ቶሎ ያረጃል፤ ዝግተኛው ይታገሣል። 320ቲ ይዘሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ እንዲህ አላደፋፍርሽም ነበር።

አሁን ወደ ሰማያዊው እንሂድ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

አዎ፣ በቀን ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል። ይሄ ግን ከእርጅና ጋር አይገናኝም። ከፋብሪካ በወጣበት ቀንም ያው ነበር። ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» ታንግስተን ማለት ነው። ፊልሙ የተሠራው 3,200 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ለሚባለው ብርሃን፣ ማለትም ለስቱዲዮ ትኩስ አምፖል ነው። ያ ብርሃን ቀይና ቢጫው ይበዛል፣ ሰማያዊው ያንሳል። ስለዚህ ፊልሙ ለሰማያዊ የበለጠ ንቁ ሆኖ ተሠራ፤ የጎደለውን እንዲያካክስ። የቀን ፀሐይ ግን 5,500 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ሰማያዊው ሞልቶታል። ለሰማያዊ የነቃ ፊልም ብዙ ሰማያዊ ባለበት ሲጋለጥ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ይሆናል። ጥላ ውስጥ ደግሞ ይብሳል፤ ጥላን የሚያበራው ሰማዩ ነውና። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ጥላውም ያንኑ ያህል ሰማያዊ ነው።

«ታዲያ ስካን ሳደርግ አስተካክለዋለሁ» ልትይ ትችያለሽ። ኔጋቲቭ ቢሆን በመጠኑ ያስኬድሽ ነበር። ስላይድ ላይ ግን ሰማያዊው ንብርብር ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ሲጠፋ፣ ቀዩ ንብርብር ብርሃን አንሶት ጨልሞ ይቀራል። ኮምፒውተር የሌለ ቀይ አያመጣም። የሚያመጣልሽ የሰው ፊት ላይ ግራጫና ነጠብጣብ የበዛበት ነገር ነው።

መፍትሔው 85ቢ የሚባል ብርቱካናማ ፊልተር ነው። የቀኑን 5,500 ወደ 3,200 የሚያወርድልሽ እሱ ነው። ለሄሊዮስ 44-2 የምትገዢው 49 ሚሊ ሜትር መጠን ነው። «85» ብቻ የሚለው ለ3,400 ኬልቪን ፊልም የተሠራ ስለሆነ እንዳታምታቺ። «80ኤ» የሚለው ሰማያዊ ፊልተር ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው፤ የቀን ፊልምን ለአምፖል የሚያስማማ። እሱን ብትገዢ ነገሩን ታባብሺዋለሽ። 85ቢ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ብርሃን ይበላል። ስለዚህ 64 የነበረው 40 ይሆናል። የእርጅናውን ሲሶ ስቶፕ ስትጨምሪ 32 ላይ ትሠሪያለሽ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ይሄ በግምት 1/125 ሰከንድ በኤፍ 8 ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)። ፍሬሙን ነጭ ነጠላ የሞላው ከሆነ ሌንሱን በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል አድርጊው። ስላይድ ላይ ጥላው ቢጨልም ያምራል። ነጩ ከተቃጠለ ግን አይመለስም።

ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ ሐሳቤን ልንገርሽ። ለቀኑ ሥነ ሥርዓት ይህን ፊልም ባትጠቀሚ እመርጣለሁ። ለታቦታቱ ጉዞ፣ ለጃንጥላዎቹ ወርቅና ቀለም አዲስ የቀን ስላይድ ግዢ። ኮዳክ በ2012 ኤክታክሮምን ማምረት አቁሞ ነበር፤ በ2018 ኢ100 ብሎ መልሶታል። ኢ100 ለቀን ብርሃን የተሠራ ነው፣ ፊልተር አይፈልግም፣ ትኩስ ነው። ጥምቀት በዓመት አንዴ ነው፤ ከአሜሪካ ድረስ ሄደሽ የሚያሳስብሽ የፊልሙ ዕድሜ መሆን የለበትም። የታንግስተን ስላይድ ግን ዛሬ አዲስ የሚያመርት የለም። ስለዚህ ሦስቱን ጥቅል ሌላ ፊልም በማይሠራው ብርሃን ላይ አውያቸው።

ያ ብርሃን የከተራ ምሽት ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ጃን ሜዳ ገብተው፣ ፀሐይ ጠልቃ፣ ሰማዩ ገና ሳይጨልም ያለችው ጊዜ። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለሽ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ሜሪላንድ የለመድሽው ረጅም ምሽት እዚያ የለም፤ ቶሎ ይጨልማል። ቀድመሽ ቦታሽን ያዢ፣ ትራይፖድሽን ትከዪ። ፊልተሩን አውልቂው። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይወጣል፤ አምፖልና ጧፍ ያለበት ቦታ ደግሞ የራሱን የሞቀ ቀለም ይዞ ይቀራል። የቀን ፊልም ይህን ሲያነሳ አምፖሉን ብርቱካን፣ ሰማዩን ደብዛዛ ያደርገዋል። ይህ ፊልም የሚያምረው እዚህ ነው። ሰማያዊውን ሰው እንደ ጉድለት ያወራዋል እንጂ፣ በትክክለኛው ሰዓት ከሆነ ከዚህ ፊልም የማገኘው ትልቁ ደስታ እሱ ነው።

ጧፍ ከ3,200 ኬልቪን በጣም ያነሰ፣ 1,900 አካባቢ የሆነ ብርሃን ነው። ስለዚህ በዚህ ፊልምም ቢሆን ቢጫና ሞቃት ይሆናል፤ ግን ፊት በቀይ አይዋጥም። በቀን ፊልም ግን ፊቱ ወደ ቀይ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ማታ ሁሉ ታንግስተን የነበረበት ዘመን አልፏል። ዛሬ የመንገዱም፣ የድንኳኑም መብራት ብዙው ኤልኢዲ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ለዚህ ፊልም የቀን ብርሃን ነው፤ ሰማያዊ ያደርግብሻል። ፍሎረሰንት ካለ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ዓይንሽ ሁሉንም ነጭ አድርጎ ስለሚያሳይሽ አትመኚው። ስልክሽ ካሜራ ላይ የቀለም ሙቀቱን በእጅ 3,200 ላይ የሚያቆም አፕ ጫኚና በእሱ እዪ። ስልኩ ላይ ሰማያዊ የሆነው መብራት ፊልሙም ላይ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ጧፉን ወይም ቢጫውን አምፖል ፈልጊ፣ ነጩን መብራት ከጀርባሽ አድርጊው።

የብርሃኑ መጠን ላይ ግልጽ ልሁንልሽ። 50 በጣም ዝግተኛ ነው። ዘኒት-ኢ ያለው ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ነው፤ ከዚያ በታች ቢ (ቁልፉን ተጭነሽ እስከያዝሽው ድረስ ክፍት የሚቆየው) ብቻ ነው። አንድ ጧፍ ያበራው ፊት ላይ፣ ሌንሱን በሙሉ ኤፍ 2 ከፍተሽ እንኳ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ያስፈልግሻል። በእጅ ይዘሽ አይሆንም። ግማሽ ሰከንድን በቢ በእጅ መቁጠርም አይቻልም። ስለዚህ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበሽ ጊዜውን አስረዝሚው። በሰማያዊው ሰዓት፣ ፀሐይ ጠልቃ ሳይጨልም ባለው ጊዜ፣ በግምት ኤፍ 8 ላይ 4 ሰከንድ ትጀምሪያለሽ። 4 ሰከንድ ሲሆን ሩብ ሰከንድ ብትሳሳቺ ምንም አይደለም። የገመድ ማስለቀቂያ ግዢ፤ ጣትሽ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው። ረጅም ጊዜ መክፈቱ አያስፈራሽ። የታንግስተን ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ እንዲሠራበት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከቀን ፊልም ይልቅ ይሄን ይችላል። ሰዉ ሲንቀሳቀስ ይደበዝዛል፤ የቆሙትና የሚጸልዩት ጥርት ብለው ይቀራሉ። ትራይፖድ የምትተክዪበትን ቦታ አስተናባሪዎቹን ጠይቂ፤ የካህናቱን መንገድ እንዳትዘጊ።

ሁለተኛው ጥሩ ቦታ ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰብሽ ጋ ቡና ሲፈላ፣ ባለ ክር አምፖል ወይም ሃሎጅን ካለ፣ ይህ ፊልም የተሠራለት ብርሃን ያው እሱ ነው። የቤት አምፖል 2,800 አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ሞቅ ይላል፤ ለቆዳ ቀለም ያምራል። መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኚ፤ አለዚያ የፊት ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ቢጫ ይሆናል።

ካሜራውን ሳላነሳ አላልፍም። ስላይድ ይቅርታ አያውቅም፤ ግማሽ ስቶፕ ስህተት በዓይን ይታያል። የዘኒት-ኢ ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) ሴሌኒየም ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ይደክማል። ደህና ቢሆን እንኳ ከሌንሱ ውጭ ስለሚለካ ፊልተርሽን አያየውም። ስለዚህ የስልክ ላይት ሜትር አፕ ተጠቀሚ፤ ከፊልተር ጋር 32፣ ያለ ፊልተር 50 ብለሽ።

ሻተሩን፣ ማለትም ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ሳትፈትሺ እንዳትሄጂ። ፊልም ሳይኖር ጀርባውን ክፈቺ፣ ሌንሱን ወደ ብሩህ ግድግዳ አዙሪ፣ 1/500 ላይ አድርገሽ ተኩሺ። ከፍሬሙ አንዱ ጎን ጨልሞ ከታየሽ መጋረጃዎቹ እኩል አይሄዱም፤ ጠጋኝ ጋ ይሂድ። ጤነኛ ከሆነም 1/60 እና 1/125 ላይ ብትሠሪ ይሻላል። በእነዚህ አሮጌ ካሜራዎች ትልልቆቹ ፍጥነቶች ቀድመው ይዛባሉ።

ሄሊዮስ 44-2 ሁለት ቀለበት አለው። በአንዱ የምትፈልጊውን ኤፍ ትመርጫለሽ፣ በሌላው ከፍተሽ ፎከስ ታደርጊና ከመተኮስሽ በፊት ትዘጊዋለሽ። መዝጋቱን ከረሳሽ ኤፍ 8 ያልሽው በኤፍ 2 ይነሳል፤ ያ አራት ስቶፕ ነው። አንድ ባዶ ካሜራ ይዘሽ ለሳምንት እጅሽን አስለምጂው። ሌንሱን በባትሪ መብራት አብሪና ውስጡን እዪ። ጭጋግ ወይም ሻጋታ ካለው ያስጸዱልሽ። ጥቁሩ በእርጅና የሳሳ ፊልም ላይ ጭጋጋም ሌንስ ሲጨመር ምስሉ ልምሽሽ ይላል።

አሁን ሦስቱን ጥቅል እንዴት እንደምትከፋፍያቸው። አንዱን ሳትሄጂ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ተኩሺው። ይሄን እንደ ብክነት አትቁጠሪው። መጀመሪያ ሌንሱን ከድነሽ አንድ ፍሬም አንሺ። ታጥቦ ሲመጣ ያ ፍሬም ፊልሙ ምን ያህል ጥቁር መስጠት እንደቀረው ያሳይሻል። ደህና ጥቁር ከሆነ ፊልሙ ጤነኛ ነው። ሻይ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ጉሙ በዝቷል፤ ያኔ ጥቁር ሰማይ የሚፈልግ ፎቶ አትሞክሪ። ቀጥለሽ አንድን ነገር በ64፣ በ50፣ በ40 እና በ32 አንሺ፤ አምፖል ሥር አንድ ዙር፣ ቀን ላይ በፊልተር አንድ ዙር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ዙር። እየጻፍሽ። ሦስቱ ጥቅሎች አብረው የተቀመጡ ከሆኑ አንዱ ስለሌሎቹ ይመሰክራል። ውጤቱ እኔ ከነገርኩሽ ቁጥር ከተለየ ውጤቱን እመኚ።

ፍሪጅ ውስጥ ከሆኑ ከመክፈትሽ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ይቆዩ፤ ከፍሪዘር ከሆነ አንድ ሌሊት ይደሩ። አለዚያ ጤዛ ይይዛቸዋል። ጥር ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፊልሙን ስትስቢም ስትጠቀልዪም ቀስ በይ። ያረጀ ፊልም ይደርቃል፣ ይሰበራል። በፍጥነት ሲጠቀለል ደግሞ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ምልክት ይተውበታል።

አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ፊልሙን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አታስገቢ፤ የዚያ ማሽን ጨረር ኃይለኛ ነው። የእጅ ሻንጣ መፈተሻውም አዲሱ የሲቲ ዓይነት ከሆነ ፊልም ይጎዳል። ጥቅሎቹን በሚያሳይ ላስቲክ ይዘሽ በእጅ እንዲፈተሹልሽ በትሕትና ጠይቂ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ይፈቅዱልሻል። ሌላ ቦታ እምቢ ካሉሽና ማሽኑ አሮጌው ኤክስሬይ ከሆነ፣ ለ64 ፊልም አንድ ሁለት ጊዜ ማለፉ ብዙ አያስጨንቅም።

የመጨረሻው አጠባው ነው። ሣጥኑ ላይ «ፕሮሰስ ኢ-6» (የስላይድ ማጠቢያ ዘዴው ስም ነው) ማለቱን አረጋግጪ፤ 64ቲ ከሆነ ይላል። ይህን የምለው ሌላ አሮጌ ጥቅል ለያዙ አንባቢዎችም ነው። ኮዳክሮም ከሆነ የሚታጠበው በኬ-14 ነበር፤ ያንን በዓለም ላይ መጨረሻ የሠራው ካንሳስ ፓርሰንስ ያለው ድዌይንስ ፎቶ ነው፣ ፊልም መቀበል ያቆመውም በ2010 መጨረሻ ነው። ዛሬ ኮዳክሮም በጥቁርና ነጭ መድኃኒት ካልሆነ አይወጣም። ኢ-4 የሚል አሮጌ ኤክታክሮም ካለም ለኢ-6 ማጠቢያ ላብራቶሪ እንዳትሰጡት። ኢ-6 በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚሠራው፤ ያ አሮጌ ፊልም ይህን ሙቀት ስለማይችል ሽፋኑ ሊላጥ ይችላል።

ስላይድን በሲ-41፣ በኔጋቲቭ መድኃኒት የሚያጥቡ አሉ። ቀለሙ ይጮኻል፣ ንፅፅሩ ይበረታል፣ አንዳንዱ ያምራል። ለጥምቀት ግን አልመክርሽም። የነጠላ ነጭነትና የጧፍ ቀለም እንዳለ እንዲቀር ነው የምትፈልጊው፤ በሲ-41 ሁለቱም ይጠፋሉ።

ላብራቶሪውን «ፑሽ» አታስደርጊ። ፑሽ ማለት የመጀመሪያውን መድኃኒት ጊዜ ማርዘም ነው፤ ጉሙ ይበዛል፣ ጥቁሩ ጭራሽ ይሳሳል። የሙከራሽ የተከደነ ፍሬም በጣም ቡናማ ሆኖ ከመጣ የተገላቢጦሹን ማድረግ ትችያለሽ፤ 32 ላይ አንስተሽ ግማሽ ስቶፕ «ፑል» ይደረግልኝ በይ። ጥቁሩ ትንሽ ይመለሳል፤ ንፅፅሩ ግን ይለሰልሳል። አለዚያ ቆርቆሮው ላይ «ኢ-6፣ ኖርማል» ብለሽ ጽፈሽ ላኪ። አዲስ አበባ ያነሳሽውን ተመልሰሽ መሳቢያ ውስጥ አታቆዪው። ያረጀ ፊልም ያነሳውን ምስል ሳይታጠብ ለረጅም ጊዜ አይዝም፤ በደረስሽ ሳምንት ላብራቶሪው ጋ ይሂድ።